በአራተኛው ትዕይንት የታየው እጅ

ሰዉ የሳቀው አራተኛው ትዕይንት አልቆ አምስተኛው ሲጀምር ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ከሠላሳ አንበልጥም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የድሮ ፊልም በነጻ ይታያል ሲባል የመጡ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ ከፀሐይ የሸሹ መንገደኞች ናቸው። የመስኮቱ መጋረጃ በደንብ ስለማይገጥም የቀኑ ብርሃን በጎን እየሾለከ ገብቶ የሰዉን ፊት ገሚስ ገሚሱን ያሳያል። ከጎኔ የእናቴ ወንድም ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። ፊልሙ የእሳቸው ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት መምህር ሳሉ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠብቀው፣ ከዚህም ከዚያም ለምነው የሠሩት የመጀመሪያቸውም የመጨረሻቸውም ፊልም ነው።

«ያልነካሁት በር» ይባላል። ጌታውን ገድለሃል ተብሎ ስለተከሰሰ ሾፌር ነው። ሾፌሩ አልገደለም፤ የሟቹ የወርቅ ሰዓት ግን ከኪሱ ይገኛል። ካሜራው የውሰት ነበር። መኪናው የአባቴ፣ ሳሎኑ የአባቴ፣ ሰዓቱም ሳይቀር የአባቴ ነበር። ደህና ተዋናይ ተብሎ የመጣው ሰውዬ በሦስተኛው ቀን ጥሎን ሲሄድ፣ አጎቴ ዙሪያቸውን ቃኙና መብራት የሚተክለውን ኤሌክትሪሺያን «አንተ፣ ና እስቲ ይህን ኮት ልበስ» አሉት። በቃ፣ ዋና ተዋናይ ሆነ። አምፖል ነበር የምንለው።

በአራተኛው ትዕይንት አምፖል እንግዳ ወደሞላበት ሳሎን ገብቶ ለጌታው የመኪና ቁልፍ ይሰጣል። ቀኝ እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ወዲያው በአምስተኛው ትዕይንት ደጅ ወጥቶ የመኪናውን በር ሲከፍት፣ ያው ቀኝ እጅ ፋሻም የለው፣ ጭረትም የለው።

«በአንድ ደቂቃ ዳነ!» አለ ከኋላዬ አንድ ተማሪ።

«እንዲህ ያለውን ሐኪም ለእኛም አሳዩን!» አለ ሌላው።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጎቴም እየሳቁ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

እኔ አልሳቅኩም። እኔ ገና አራተኛው ትዕይንት ላይ ነበርኩ። ያንን ፋሻ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያሰርኩበትንም ቀን እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ፋሻ አጠገብ፣ በሸራው ጠርዝ በኩል፣ አንድ እንግዳ ብርጭቆውን ሲያነሳ እጅጌው ወደ ክርኑ ተንሸራቶ ነበር። አንጓው ላይ ጥቁር ገጽ ያለው አራት ማዕዘን የወርቅ ሰዓት አስሯል። እንግዳው አባቴ ነበሩ።

* * *

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ፊልም እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ ወደ መጨረሻው አይሄድም። መኪናው የተገኘ ቀን የመኪናው ሁሉ ይቀረጻል፤ ሳሎኑ የተለቀቀ ቀን የሳሎኑ ሁሉ። ሟች ዛሬ ሞቶ ነገ ምሳ ይበላል። ስለዚህ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ማን ምን እንደለበሰ፣ ብርጭቆው እስከ የት እንደተሞላ፣ ፀጉሩ ወደየት እንደተበጠረ መጻፍ አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ነገር የማያመልጠኝ፣ በዚያ ላይ የቤቱ ባለቤት ልጅ በመሆኔ ማንም የማይቆጣኝ ቀበጥ ነበርኩ። አጎቴ «ዓይኔ» ይሉኝ ነበር።

አምፖል በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን እኔ የኮንትራክተሩ ልጅ ነኝ። «እርስዎ፣ እግርዎን ከሽቦው ላይ ያንሡልኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን «አያትህ መሰልኩህ እንዴ?» አልኩት። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች አየኝና «አያቴ እንኳ እንዲህ አይቆጡም» አለ። ከአንቱ ወደ አንቺ ለመውረድ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በዘጠነኛው ቀን «አንቺ፣ መብራቱ ዓይንሽን ይጎዳሻል፣ ወደዚህ ዞር በይ» አለኝ። ያቺ «አንቺ» ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ደብተር ላይ የማይጻፉ ነገሮች ይታዩኝ ጀመር። ሰው ሲያመሰግነው ጆሮው ይቀላል። ሾፌሩ ለሚስቱ የሚዋሽበትን አንድ ቦታ ደግሞ ሰባት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በትወና እንኳ ሲዋሽ ምላሱ ይተሳሰርበታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ጠረጠርኩት።

ቀረጻው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንድ የጋለ ፓውዛ ከማቆሚያው ተላቆ ሲወድቅ አምፖል በባዶ እጁ ያዘው። ከሥሩ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። መዳፉ ተላጠ። ሳሎን አስቀምጬ ቅባት ቀባሁለትና በፋሻ ጠቀለልኩት። ጠቅልዬ ጨርሼም እጁን አልለቀቅኩትም፤ እሱም አልወሰደውም። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል።

በማግስቱ ማለዳ፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ፣ ሌላ ከተማ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ቀረጻ ላይ አልነበርኩም።

በሄድኩ በሦስተኛው ቀን የአባቴ የወርቅ ሰዓት ጠፋ ተባለ። አባቴ ለፖሊስ የሰጡት ቃል አጭር ነበር፤ ሰዓቱን ለፊልሙ አውሼ ነበር፣ ከሾፌሩ ኪስ ሲወጣ የሚታይበት ትዕይንት ከተቀረጸ ወዲህ ግን ዓይኔ አላየውም አሉ። ያ ትዕይንት የተቀረጸው ከመጨረሻው ቀን አሥር ቀን ቀደም ብሎ ነው። ማስረጃቸው የእኔው ደብተር ነበር። ስለ ሰዓቱ የተጻፈው የመጨረሻ መስመር «ሰዓቱ በአምፖል ቀኝ ኪስ» ይላል። ካሜራ ያላየውን አልጽፍም ነበርና፣ መመለሱን የሚናገር መስመር የለም። አጎቴም «እኔ ስንቱን ዕቃ አስታውሼ እችላለሁ» አሉ። አክስቴ ቤት ድረስ የመጣው መርማሪ «ሲመልሰው አይተሻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

እውነት ነበር፤ አላየሁም። አምፖል በዚያች ቃል ስምንት ወር ታሰረ።

ሲፈታ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ዛሬም አለኝ። «ሌላው ቢያምነኝም ባያምነኝም ግድ የለኝም። አንቺ ታምኚኛለሽ? ፊልሙ ሲወጣ እዪው። ከዚህ በላይ ልነግርሽ አልችልም» ይላል። እኔ ጅሏ ምን ብዬ ተረዳሁት? ያ በሐሰት የተከሰሰ ሾፌር እኔ ነኝ፣ እዪኝና አልቅሺልኝ ያለኝ መሰለኝ። የፊልሙን ሰው ኮት ደርቦ አንጀቴን ሊበላ የፈለገ መሰለኝና ተናደድኩ። በዓመቱ ፊልሙ በአንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ለሳምንት ሲታይ በዚያ መንገድ እንኳ አላለፍኩም። መልስም አልጻፍኩለትም። ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩና ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ኖርኩ። የራሴ ስህተት ግን አንድ ጥቅል ፊልም ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

* * *

አጎቴን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣኋቸው።

«ጋሼ፣ የእንግዶቹ ትዕይንት መቼ ነው የተቀረጸው?»

«የመጨረሻው እሑድ ነዋ! በሥራ ቀን ኮት የለበሰ ሰው ከየት አባቴ አመጣለሁ? አንቺ አክስትሽ ጋ ሄደሽ ነበር። አንቺ ብትኖሪማ ያ ፋሻ መች ያመልጥሽ ነበር፣ ዓይኔ?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጁ እጁ ከተቃጠለ በኋላ የቀረጽነው ያን ትዕይንት ብቻ ነው። ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አባባ ሰዓት አስረዋል፣ ጋሼ። የሟቹን ሰዓት።»

«የሟቹ ሰዓት እንግዳ እጅ ላይ ምን…» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። ከዘራቸው ከእጃቸው ወድቆ ኮሪደሩ ላይ ተንከባለለ፤ ሊያነሱትም አልሞከሩም። «እኔ ነኝ ፊልሙን ቆርጬ የቀጠልኩት» አሉ በስተመጨረሻ። «በእነዚህ እጆቼ። ፊት ፊታቸውን ነበር የማየው፣ ልጄ። የማንንም እጅ አላየሁም።»

ሰዉ ከወጣ በኋላ የፊልም ማሳያ ማሽኑን የያዘውን ሰውዬ ለመንነው። አራተኛውን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መልሶ አሳየን። ሦስት ጊዜም አባቴ ብርጭቆ አነሱ። አጎቴ እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ እኔ አላለቀስኩም። ከሐዘኑ በፊት ኀፍረቱ ቀድሞ ደረሰብኝ።

* * *

አባቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በዚያው ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር።

«ዛሬ በፊልም አየሁዎት፣ አባባ።»

ፊታቸው በራ። «ያ የአጎትሽ ነገር? እንዴት ነበርኩ?»

«ያምርብዎት ነበር። ሰዓት አስረው ነበር።»

የትኛውን ሰዓት አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። ይክዱኛል ብዬ ነበር፤ ቢክዱኝ ምናልባት ይቀለኝ ነበር።

«አባት ነኝ» አሉ። «አንቺን ያስተማርኩት ሽቦ ለሚስብ ሰው እጅ ፋሻ እንድታስሪ አይደለም። እጅሽን እጁ ላይ ሳይ ዓይኔ ጨለመ።»

«ስምንት ወር ታሰረ።»

«ስምንት ወር ምንድን ነው አልኩ። ይወጣል፣ ይረሳል፤ እሷም ትረሳለች፤ አቻዋን አግብታ ልጅ ትወልዳለች አልኩ።» ዞር ብለው አዩኝ። መነጽሬን፣ የሸበተውን ፀጉሬን፣ የቀለም እድፍ ያለባቸውን ጣቶቼን አዩ። «አላገባሽም» አሉ፤ ገና ዛሬ የነገርኳቸው ይመስል።

«ሰዓቱ የት ነው?»

«ከድልድዩ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። እወደው ነበር» አሉ።

ወረቀት አመጣሁ። እጃቸው መጻፍ ስለማይችል የነገሩኝን እኔ ጻፍኩ፤ ሰዓቱ በእጃቸው እንደነበረ፣ የሰጡት ቃል ሐሰት እንደነበረ፣ አምፖል ንጹሕ መሆኑን። አነበብኩላቸው። «ንጹሕ» የሚለው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ፈረሙ።

«ትጠይኛለሽ አይደል?» አሉኝ።

ብርድ ልብሱ ከእግራቸው ተንሸራቶ ነበር። አንስቼ መልሼ ሸፈንኳቸው። ልጠላቸው ሞክሬ ነበር። አባቴን ከእነ በደላቸው ወደድኳቸው፤ ያም ከጥላቻ ይልቅ ከበደኝ።

* * *

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። አድራሻውን የሰጡኝ አጎቴ ናቸው። ለካ ሲያውቁት ኖረዋል፤ አፍረው ደጁን ረግጠው አያውቁም እንጂ።

ሱቁ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የሚቀየርበት ጠባብ ቤት ነው። የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር እስከ በሩ ተደርድሯል፤ የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠችው ሴት ቀና ስትል ፊቷ ተለዋወጠ። እህቱ ናት፤ በቀረጻው ጊዜ ምሳ ስታመጣለት አውቃታለሁ።

«ምን ልታዘዝ?» አለች፣ ማን እንደሆንኩ እያወቀች።

«እሱን ፈልጌ ነው።»

«እሱን! አሁን ነው እሱን የፈለግሽው? እናታችን በየቀኑ እስር ቤት ደጅ ስትንከራተት የት ነበርሽ? እናንተ ግቢ በር ላይ ቆማ ስትለምንስ? ዘበኛችሁ በሩን ፊቷ ላይ ሲዘጋባትስ የት ነበርሽ?»

ይህን አላውቅም ነበር። አልነበርኩም ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ሁልጊዜ አልነበርኩም፣ ሁልጊዜ አላየሁም።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «እናትሽንም ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ።»

«ዘግይተሻል። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።» ከዚያ በአገጯ ወደ ጓዳው አመለከተችኝ። ለእኔ ብላ አይመስለኝም፤ ለወንድሟ ብላ ነው።

አምፖል ጀርባውን ሰጥቶ፣ በእጅ በሚዞር መጠምጠሚያ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እየጠመጠመ ነበር። ዙሩ በትክክል ካልተቆጠረ ሞተሩ ተመልሶ ይቃጠላል፤ ስለዚህ እየቆጠረ ነው። «መቶ ዘጠና ስድስት… መቶ ዘጠና ሰባት…» ኮቴዬን ሲሰማ ግራ እጁን አነሳ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ቆየሁ። ከበስተኋላው ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ትከሻው ግን ያው ነው። «ሁለት መቶ አሥር… ሁለት መቶ አሥራ አንድ…» እያለ ዞር አለ።

እጁ ቆመ።

የአንድ ሰው ዓይን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ምንም አለመለወጡ ያስደነግጣል።

«ቁጥሩ ጠፋኝ» አለ።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነው» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። ከሥሩ አንድ ዝቅ ያለ ወንበር ስቦ ሰጠኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። በዝግታ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። ፊቱ ላይ እፎይታ ፈለግኩ፤ ምንም አልነበረም። «ነይ እስቲ» ብሎ እህቱን ጠራና ወረቀቱን ሰጣት። «ይህ ያንቺ ነው። እኔ ድሮም አውቀዋለሁ።» እሷ ቆማ አነበበችው። እናቷን በስሟ ስትጠራ ሰማኋት። ከዚያ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች።

«ለምን በግልጽ አልጻፍክልኝም?» አልኩት። «‹የአባትሽን እጅ እዪ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ለፖሊስ ነግሬያቸዋለሁ። ያን ጊዜ ፊልሙ ገና አልታጠበም፤ ጥቅሉ አጎትሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ሳቁብኝ። ላንቺ ግን አባትሽ ናቸው። በእኔ አፍ እንድትጠያቸው አልፈለግኩም። በገዛ ዓይንሽ ብታዪው ይሻላል ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ እንደ ልመና ነው ያነበብኩት። ልታስለቅሰኝ የፈለግህ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ? እኔ ነኝ ሰው የማስለቅስ ተዋናይ? አጎትሽ አንዲት ዘለላ እንባ ለማግኘት አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንዳስላጡኝ ረሳሽው?»

ሳቅን። ሳቁ ሁለታችንንም አመመን መሰለኝ፤ እኩል አቆምን።

«አምንሃለሁ» አልኩት። «ያን ጊዜ ልመልስልህ የሚገባኝ ይህ ነበር። አምንሃለሁ።»

ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በወደድኩ።

«አሁንማ አየሽ» አለኝ። «ያየ ሰው ምኑን ያምናል? እኔ የጠየቅኩሽ ሳታዪ ነበር።»

ለራሴ ስሰጠው የኖርኩት ምክንያት ሁሉ፣ ልጅነቴ፣ የአባቴ ቁጣ፣ ደብተሩ፣ በአንድ ጊዜ ከእጄ ወደቀ። እውነቱን ነው። ፊልሙን ባላየው ኖሮ ዛሬም እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ፤ በስሜ ሳይሆን «አንቺ» ብሎ።

«ሌላ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ» አልኩ፣ ሳልዞር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጠልቼሽ አላውቅም። እስር ቤት ሆኜም ጭምር። ይህን ማንም አላየውም፤ በወረቀት የለም፣ በፊልም የለም። እህቴ እንኳ አታምነኝም።»

«እኔማ አላምንም!» አለች እህቱ ከውጪ፣ በለቅሶ ድምፅ።

«አንቺስ?» አለኝ።

ዞርኩ። ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልመጣህም ልለው ፈለግኩ። ለምን ሁለተኛ ደብዳቤ አልጻፍክም፣ እንዴት ሰው ይህን ሁሉ ተበድሎ አይጠላም ልለው ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ማረጋገጫ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄዎቹ እስከ ጥርሴ መጥተው ተሰለፉ። አንድ በአንድ ዋጥኳቸው።

«አምንሃለሁ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊመልስ ሞከረና አልቻለም፤ ያ በሽንኩርት እንኳ የማያለቅስ ሰው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ምን ያህል እንደጠበቀኝ የገባኝ ያኔ ነው። ደስ አላለኝም፤ ልቤ ነው የተሰበረው። ቢሆንም ከዚያ ጠባብ ክፍል ወጥቼ የትም መሄድ አልፈለግኩም።